የኦብዱልያ ሁለት እጆች

እኔ ካቶሊክ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ቫልዴሴርባ ውስጥ «ኤውፍራሲያ ሃይማኖቷን ቀየረች» ብሎ ያላማኝ ሰው የለምና። አልቀየርኩም። የተጠመቅኩት እዚህ፣ የተዳርኩት እዚህ፣ የመሠዊያውን ልብስ አሥራ አራት ዓመት ያጠብኩትና የተኮስኩት እኔው ነኝ። ማርያምን የነካብኝ ሰው ከኔ ጋር አይስማማም። ግን ያየሁትን አላየሁም ብዬ ለማንም ደስታ አልምልም።

ወንጌላውያኑ በከተማችን ዘጠኝ ነበሩ፤ የቅርጫት ሠሪው ሕፃን ስትጨመር አሥር። እሑድ እሑድ ቅርጫት ሠሪው ጓዳ ውስጥ ይሰበሰባሉ። በር ላይ ምልክት ማድረግ በመንግሥት ክልክል ነው፣ ድምፃቸው ወደ መንገድ መውጣቱም ክልክል ነው። ስለዚህ በነሐሴ ሐሩር መስኮቱን ዘግተው፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው በለሆሳስ ይዘምራሉ። እኛ በደጃፋቸው ስናልፍ እናማትባለን። ልጆቻችን «ጸረ ማርያም» እያሉ ድንጋይ ይወረውሩባቸዋል፤ እነሱ በማግስቱ ለነዚያው ልጆች በለስ ይሰጧቸዋል። ተቆጥተው ቢያባርሯቸው እኛም በቀለለን።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ውሸት አለመቻላቸው ነበር። እኛ እዚህ አገር ውሸትን እንደ ጨው ነው የምንጠቀምበት፤ ቆንጠር አድርገን። አባ «ጾማችኋል?» ሲሉን ጾመናል እንላለን። ጎረቤት ዘይት ልትበደር ስትመጣ አልቋል እንላለን። በዚህ የሞተ ሰው የለም። እነሱ ግን ጭራሽ አያውቁበትም። የጎረቤቴ የኦብዱልያ ባል ኢላሪዮ መጽሐፍ ቅዱስ በአህያ ጭኖ ከገበያ ገበያ እየዞረ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ይህም ክልክል ነው። አንድ ቀን የመንግሥት ጠባቂዎች የወይራው መንገድ ላይ ያዙትና አራት መጽሐፍ ወሰዱበት። ዝናብ እየመጣ ስለነበር ሊለቁት ነበር። አሥር አለቃው ለነገሩ ያህል «ሌላ አለህ?» ቢለው፣ «ሁለት ኮርቻው ሥር አሉ» አለ። ለነዚያ ለሁለቱ ሲል አሥራ አንድ ቀን ታሰረ። ሲፈታ ደሜ ፈልቶ «አንተ ሰው አብደሃል? የለኝም ብትል ምን ነበረበት?» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝና «ነበሩኝ እኮ፣ ኤውፍራሲያ» አለኝ።

እንግዲህ ከእንደዚህ ዓይነት ሰው ጋር ምን ይባላል።

ኦብዱልያ ደግሞ ከሱ ትብሳለች። ግድግዳችን አንድ ነው፤ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ እኔ አስነጥሳለሁ። ባሌ ሰሜን ወርዶ የድንጋይ ከሰል ይቆፍር በነበረበት ጊዜ ደብዳቤ ይልክልኛል፤ እኔ ማንበብ አላውቅም፣ የሚያነብልኝ የቤተ ክርስቲያኑ ደዋይ ነው። ጠዋት የተነበበልኝን ማታ ምንጭ ወርጄ ከሴቶቹ አፍ እሰማዋለሁ። ባሌ ምን እንደናፈቀው ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ይሳቅብኛል። ኦብዱልያ አንድ ቀን ስታለቅስ አገኘችኝና «ነይ ላስተምርሽ» አለችኝ። «በናንተ መጽሐፍ አልማርም» አልኳት። «ደረቅ ዓሣ የተጠቀለለበት ጋዜጣ አለኝ፣ በሱ እንጀምር» አለች። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ ዓሣ ዓሣ በሚሸት ጋዜጣ፣ ማንበብ ቻልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ «እሑድ ከኛ ጋር ብትመጪ ደስ ይለኛል» አለችኝ። አልመጣም አልኳት። «እሺ» አለችና የሽምብራ ሾርባዬን ጨመረችልኝ። ከዚያ ወዲያ ደግማ አላነሳችውም።

ኢላሪዮ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። የተቀበረው «ጥጉ» የምንለው ቦታ ነው፤ ከመካነ መቃብሩ ግንብ ጀርባ፣ ለብቻው በር ያለው ቁራጭ መሬት። ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት አሉበት፣ ራሱን የሰቀለ አንድ ወታደር አለበት፣ የተረፈው እሾህ ነው። ኦብዱልያ ቅዳሜ ቅዳሜ ማጭድ ይዛ ትሄድና እሾሁን ታጭዳለች። ከኢላሪዮ አጠገብ አንዲት ሰው የምታህል ቦታ ሁልጊዜ ንጹሕ ናት። «ይህቺ የኔ ናት» ትለኛለች፣ የምታገባበት ቤት ይመስል ደስ እያላት።

ችግሩ፣ ኢላሪዮ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ከወንጌላውያን የተወለደ ሰው ስለሆነ በቄሳችን በአባ ሴቬሪያኖ መዝገብ ላይ ስሙ አልነበረም፤ ሲሞት ወረቀት የጠየቀው የለም። እሷ ግን የዚህ ከተማ ልጅ ናት፤ በሕፃንነቷ በኛ ቤተ ክርስቲያን ውኃ ተጠምቃለች። ጥጉ ውስጥ ለመቀበር ከሞት በፊት አንድ ወረቀት መፈረም አለባት፤ «የካቶሊክን እምነት ክጃለሁ» የሚል። አልፈርምም አለች። ልጇ ኖኤሚ ለመነቻት፣ የእምነት ወንድሞቿና እኅቶቿ ለመኗት፣ እኔ ራሴ ለመንኳት።

«አልካድኩማ» አለች። «የክርስቶስን ስም የሰማሁት በዚያ ቤት ነው። ሌላ መንገድ ያዝኩ እንጂ ምንም አልካድኩም። ‹ሌላ መንገድ ይዣለሁ› የሚል ወረቀት ካላቸው ያምጡ፣ አሁን እፈርማለሁ።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ቃል ነው እኮ። ፈርመሽ እርሺው» አልኳት።

«ፈርሜ የምረሳው ከሆነ ለምን እፈርማለሁ?»

እንዲህ ያለ ስሕተት እነዚያ ሰዎች ብቻ ናቸው የሚሠሩት።

ሐሙስ ዕለት ደጃፏ ላይ ወደቀች። ከጎረቤት ከተማ የመጣው ሐኪም የቀኝ እጇን በመርፌ ወጋው፤ አልተንቀሳቀሰም። ቀኝ እግሯም፣ ምላሷም እንዲሁ። «ቀኝ ጎኗ ሞቷል» ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈና ሄደ። ግን ታያለች፣ ትሰማለች። ግራ እጇ ደህና ነው።

ቅዳሜ ኖኤሚ ፓስተራቸው ወዳለበት ከተማ ልትደውል ስልክ ቤት ስትሄድ፣ እኔ በግራ በኩል ተቀምጬ እጇን ይዤ ነበር። አባ ሴቬሪያኖ ገቡ። አሥራ አምስት ዓመት ያንን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። አሥራ አምስት ዓመት የምለው ምክንያት አለኝ። ከጦርነቱ ማግስት አንድ እሑድ፣ ከመስበኪያው ላይ ሆነው «በመካከላችን መርዝ የሚሸጥ ሰው አለ፣ አይታችሁ ዝም ትላላችሁ» ብለው ነበር። ሰኞ ገበያ ላይ አራት ጎረምሶች የኢላሪዮን እግር ሰበሩት። እስኪሞት ድረስ አነከሰ። አባ ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሱም። ኢላሪዮም አልተነፈሰ፤ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ባርኔጣውን ያነሳ ነበር።

አባ በመስኮቱ በኩል ያለችውን በርጩማ ሳቡና በቀኟ ተቀመጡ። ሽምግልና ተጭኗቸዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያቺን ነፍስ ከገሃነም ላወጣት ነው ብለው ነው የመጡት፣ ይህንንም አውቃለሁ። ቀኝ እጇን ያዙና «ኦብዱልያ፣ ልጄ፣ ወደ እናትሽ ቤት መመለስ ከፈለግሽ እጄን ጨብጪ» አሏት። ከዚያ እንድትሰማቸው ብለው በላቲን ሳይሆን በራሳችን ቋንቋ አባታችን ሆይን ቀስ ብለው ደገሙ። ሲጨርሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

«ጨበጠችኝ» አሉ። «አየሽ አይደል፣ ኤውፍራሲያ? ጨበጠችኝ።»

እኔ ምን ቆርጦኝ ከአባ ጋር እከራከራለሁ። እጃቸውን ሳምኩ። ግንባሯን ዘይት ቀቧትና ሄዱ።

እሑድ የቅዳሴ ደወል ሲደወል አረፈች። ደወሉ ሳያቆም የእመቤታችን ማኅበር ሴቶች ሬሳ የሚያለብሱትን ቡናማ ቀሚስ ይዘው ደጃፍ ቆሙ። «ተመልሳለች፣ አባ ነግረውናል። ነገ በመስቀል፣ በክብር፣ ከኛ መካከል ነው የምትቀበረው» አሉ። ኖኤሚ በሩ ላይ ቆማ «እናቴ የራሷ ልብስ አላት» አለቻቸው። አልጮኸችም። ሴቶቹ ግን «ነገ ከሕግ ጋር እንመጣለን» ብለው ተመለሱ።

ኖኤሚ ወደ ዶን ካስቶ ሮጠች። ዶን ካስቶ የዘይት መጭመቂያው ባለቤት ነው፤ የከተማው ዳኛም እሱ ነው። «አባ ጨብጣኛለች ብለዋል። አልጨበጠችም የሚል ካቶሊክ፣ በዚያ ክፍል የነበረ፣ ነገ በአራት ሰዓት ካላመጣሽልኝ ሬሳው የቤተ ክርስቲያን ነው» አላት። የናንተ ሰው አይመሰክርም ማለቱ ነው። በዚያ ክፍል የነበረ ካቶሊክ ደግሞ አንድ ነው። ወየው ለኔ።

መጣች። እኔ የመሠዊያውን ልብስ እየተኮስኩ ነበር።

«እትዬ ኤውፍራሲያ፣ ቅዳሜ አባ ሲመጡ አንቺ ነበርሽ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«እማዬ ጨብጣቸዋለች?»

መተኮሻውን አስቀመጥኩት። «አባ የያዙት ቀኙን ነው» አልኳት።

ልብስ ማጠቢያው ቅርጫት ላይ ዝርፍጥ አለች። «ቀኟ እኮ ከሐሙስ ጀምሮ የሞተ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ። የራሳቸው እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ እሱ ተሰምቷቸው ነው። ምስኪን።»

ኖኤሚ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ በራ። እኔም አየኋትና ሞቅ አለኝ፤ እንደሱ ነኝ፣ አንዴ ከተነሳሁ የሚያቆመኝ የለም።

«ቆይ» አልኳት፣ «ይህ ብቻ አይበቃም። ካስቶ ብልጥ ነው። እጇን መነጨቀች እላለሁ። መስቀሉን ስታይ ፊቷን አዞረች እላለሁ። ‹ኢላሪዮ› ብላ ተጣራች እላለሁ።»

«ተጣርታለች?»

«ምላሷ ቢሠራ ትጣራ ነበር።»

«እንግዲያው እሱን አትበይ።»

«አንቺ ልጅ፣ የሚቀበረው ያንቺ እናት ነው የኔ?»

«የኔ ናት። ለዚህ ነው አትበይ የምልሽ። እናቴ በአንዲት ቃል ምክንያት ያንን ወረቀት አልፈርምም ብላ ነው ዛሬ እዚህ የደረስነው። በውሸት ወስጄ ከአባቴ አጠገብ ባስተኛት፣ ያስተኛሁት እሷን አይደለም። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

«አባትሽም እንዲህ እያለ ነው አሥራ አንድ ቀን የበሰበሰው።»

ፈገግ አለች። ከዚያ ድንገት «የግራ እጇስ?» አለችኝ።

«የግራ እጇ ምን?»

«አባ በቀኟ ከነበሩ አንቺ በግራዋ ነበርሽ። እጇን ይዘሽ ነበር?»

ይህቺ ምላሴ። መተኮሻውን ወደ እሳቱ መለስኩት። ዝም ማለቴን አየች፤ የእናቷ ልጅ ናት፣ ዓይኗን አትነቅልም። ነገርኳት። አባ አባታችን ሆይን ሲደግሙ የኦብዱልያ ግራ እጅ እጄን ጭምቅ አድርጎ ይዞኛል። አንዴ። አጥንቴ እስኪሰማኝ ድረስ።

ኖኤሚ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች።

«ይህን ማንም አላየም» አልኳት። «እኔና እሷ ብቻ ነን፤ እሷም ሞታለች። ሆድ ይፍጀው።»

«ቀነስሽ ማለት ነው።»

«አዎ ቀነስኩ። ይህን ከሰማ ካስቶ ይጨፍራል። እናትሽን እዚያ ከደዋዩ እናት ጎን ነው የሚቀብሩልሽ፣ ገባሽ?»

ከዚያ ሽርጧን አወረደችና «እትዬ፣ እኔ አላዝሽም» አለችኝ። «የልብሱ ሥራ እንጀራሽ ነው፣ ሦስት ልጆች አሉሽ። ጭራሽ ባትመጪም አልቀየምሽም። ከመጣሽ ግን ያንቺ ምስክርነት ነው፣ የኔ አይደለም። የምትናገሪውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ብታዘኝ፣ ብትለምነኝ ይሻለኝ ነበር፤ እምቢ ለማለት ይመቸኝ ነበር። እንዲህ ሲለቁኝ ነው የምጠፋው። ስትወጣ የመሠዊያውን ልብስ ጠርዝ አቃጠልኩት፤ በአሥራ አራት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ በአራት ሰዓት ዘይት መጭመቂያው ቤት ገባን። ዶን ካስቶ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቷል። አባ ሴቬሪያኖ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ኖኤሚ ከበሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እንድትናገር አልተፈቀደላትም።

ዶን ካስቶ ካስማለኝ በኋላ «በይ ኤውፍራሲያ» አለኝ። «የምትናገሪው በማን ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?»

«በማንም ላይ አይደለም፣ ዶን ካስቶ። ያየሁትን ነው።»

«እሺ፣ ምን አየሽ?»

«አባ የያዙት ቀኝ እጇን ነው። ቀኝ እጇ ሐሙስ ነው የሞተው። ሐኪሙ በመርፌ ሲወጋው አልተንቀሳቀሰም፣ ወረቀቱ ይኸውና።»

ዶን ካስቶ ወረቀቱን አንብቦ ወደ አባ ዞረ። «አባ፣ የቱን ነበር የያዙት?»

አባ ማምለጥ ይችሉ ነበር። ግራውን ቢሉ ከኔ ቃል የሳቸው ቃል ይበልጣል። እጃቸውን ዘርግተው አዩት፣ በርጩማው የት እንደነበር እያስታወሱ መሰለኝ። «ቀኙን» አሉ። «በመስኮቱ በኩል ነበርኩ። ግን ተሰምቶኛል።»

«አባ» አልኳቸው፣ «የተሰማዎት የራስዎ እጅ ነው። ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁንም ይንቀጠቀጣል።»

እጃቸውን ባርኔጣው ሥር አስገቡት። ለቄስ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ዶን ካስቶ ቀለሙን ነከረ። ደስ አላለውም፣ ግን ሐኪም የፈረመበት ወረቀት እፊቱ ነው። «እንግዲህ» አለ፣ «ሟቿ ምንም ምልክት አልሰጠችም ብዬ ልጻፍ?»

አለቀ ማለት ነበር። ይጻፉ ብል አልቋል። ወይም ዝም ብል እንኳ አልቋል፤ እሱ ይጽፋል፣ ኦብዱልያ ኢላሪዮ አጠገብ ትገባለች፣ እኔም ቤቴ እገባለሁ። ወደ ኖኤሚ ዞር አልኩ። ወለሉን ነው የምታየው። አንዲት ቅንድቧን እንኳ አላነሳችም። የእናቷ መቃብር በኔ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ያቺ ልጅ አንገቷን ደፍታ ነጻ ለቀቀችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያከበረኝ ሰው የለም፤ እንደዚያም የተናደድኩበት ሰው የለም።

«አይጻፉ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም ምልክት አልሰጠችም ብለው አይጻፉ። በግራ እጇ እኔን ጨብጣኛለች። አባ አባታችን ሆይ ሲደግሙ። አንዴ፣ አጥብቃ።»

ዶን ካስቶ ብዕሩን አስቀምጦ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ታዲያ ይህቺን ለምን ቀድመሽ አላልሽም፣ አንቺ ሴት? ጨብጣለች። በግራ ይሁን በቀኝ፣ ቤተ ክርስቲያን እጅ አትመርጥም። አባ፣ ሬሳው የእርስዎ ነው።»

ኖኤሚ አግዳሚውን ይዛ ቀረች። ከከንፈሯ ደም ጠፋ። በኔ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። እኔ ጎረቤቴን በገዛ አፌ ሁለተኛ ገደልኳት። ይሄ ነው እውነት ማለት፣ አልኩ በልቤ። እንኳንም ሳላውቀው ኖርኩ።

«ኤውፍራሲያ» አሉ አባ ሴቬሪያኖ።

«አቤት፣ አባ።»

«የትኛው ቃል ላይ ስደርስ ነው?»

«አልገባኝም፣ አባ።»

«እጅሽን የጨበጠችው። ጸሎቱ ረዥም ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የደገምኩት። የትኛው ቃል ላይ ነበርኩ?»

ማሰብ አላስፈለገኝም። ከቅዳሜ ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። «‹እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል› ሲሉ ነው፣ አባ። እዚያ ላይ ብቻ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልጨበጠችም።»

ዶን ካስቶ ትንሽ ጠበቀና «አባ፣ እንግዲህ ልጻፈው?» አላቸው። አልሰሙትም። ባርኔጣው ከጉልበታቸው ወደቀ፣ አላነሱትም። መስኮቱን እያዩ «የኢላሪዮን እግር የሰበሩት ልጆች ከኔ ስብከት ነው የወጡት» አሉ።

«አባ፣ ያ ያለፈ ነገር ነው» አለ ዶን ካስቶ።

«ለማን ነው ያለፈው? እሱ እስኪሞት አነከሰ። አሥራ አምስት ዓመት ‹ይቅርታ› ለማለት ያንን ደጃፍ መርገጥ አቅቶኝ፣ ጊዜዋ ሲደርስ ዘይት ይዤ ላድናት ሄድኩ። አየኸኝ፣ ካስቶ? እኔ ነኝ አዳኙ።» ከመስኮቱ ወደ እሱ ዞሩ። «ያቺ ሴት ወደ ቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም። ‹የበደሉንን› በሚለው ቃል ላይ ነው እጅ የያዘችው። ለቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ አጠገቧ ለተቀመጠው ለኔ ነው የመለሰችው።»

ከግድግዳው ወዲያ መጭመቂያውን የምታዞረው በቅሎ ኮቴ ይሰማል።

«ወደ ካቶሊክ እምነት ለመመለሷ ምልክት አልሰጠችም ብለህ ጻፍ» አሉ አባ። «እኔ እፈርማለሁ።»

ፈረሙ። ተነስተው ወደ በሩ ሲሄዱ ኖኤሚ ብድግ አለች። አባ ፊት ለፊቷ ቆሙ፤ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ አልቻሉም። በመጨረሻ «ባሏ አጠገብ አሳርፏት» ብቻ ብለው ወጡ። ባርኔጣቸውን ረስተውት ነበር፣ ኖኤሚ ሮጣ ሰጠቻቸው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀበርናት። እነሱ ከሕፃኗ ጋር ዘጠኝ፣ በአውቶቡስ የመጣው ፓስተር፣ እና እኔ። ጥጉ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር፤ ገባሁ። አንድ የመንግሥት ጠባቂ በሩ ላይ ቆሞ ቆጠረን። መዝሙር ክልክል ነው፣ ስብከት ክልክል ነው፣ ስለዚህ ፓስተሩ መጽሐፉን ከፍቶ በዓይኑ ብቻ አነበበ፤ እኛም አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ ቆመን ጠበቅነው። ሁላቸውም የት ጋ እንደደረሰ ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ አሜን ለማለት ከንፈራቸው እኩል ነው የተንቀሳቀሰው። ኖኤሚ ስንወጣ ክንዴን ያዘችና «ዛሬ እኛ ጋ ነው እራትሽ» አለችኝ። አመሰግናለሁ አላለችም። ያየሽውን ስለተናገርሽ ብሎ ማመስገን እነሱ ዘንድ ልማድ የለም።

ረቡዕ የማኅበሩ ሴቶች መጥተው የመሠዊያውን ልብስ ከቤቴ ወሰዱ። የተቃጠለውን ጠርዝ አሳዩኝ፣ ለዚያ ነው አሉ። አሁን የሆቴሉን አንሶላ ነው የማጥበው፤ ይከብዳል፣ እጄን ልጦኛል፣ ግን ልጆቼ ይበላሉ። አባ «የኔ ትእዛዝ አይደለም» ብለው ሰው ልከውልኛል። አውቃለሁ።

ቅዳሴ ግን አልቀርም። የማኅበሩ ሴቶች ሲያዩኝ ቀሚሳቸውን ይሰበስባሉ፣ እኔም ሆን ብዬ ከፊት እቀመጣለሁ። እና ይህን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። አባ ሴቬሪያኖ አባታችን ሆይን በላቲን ሲያዜሙ፣ ያቺ ቃል ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ድምፃቸው ይጠፋል። ሕዝቡ አንገቱን ያሰግጋል፣ ደዋዩ ያስላል። ትንሽ ቆይተው ይጨርሱታል። ሰው ሁሉ ጉሮሯቸውን ታመዋል ነው የሚለው፤ ሴቶቹ ማርና የበለስ ሽሮፕ ያመላልሱላቸዋል፣ እሳቸውም ይቀበላሉ። አንድ እሑድ ዝምታው ከወትሮው ረዘመ፣ ትተውት ሊወርዱ ነው ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ በላቲን ሳይሆን በራሳችን ቋንቋ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ ያቺን ቃል አሏት። እኔ ለኦብዱልያ እስከዚያን ቀን አላለቀስኩም ነበር።